ሰባት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም

ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ስልኬ ሲጮህ ገና የቢሮዬን መስኮት እየከፈትኩ ነበር። የደወለችው ወይዘሮ የትነበርሽ ትባላለች፤ የሦስት ወረዳዎች የሳይንስ መምህራን ሥልጠና ጥምረት አስተባባሪ ናት። «ሳጥኖቻችን አሸዋ ሆነዋል» አለችኝ። በሃያ ሁለት ዓመት የፖሊስ ሥራዬ በሬ ጠፋ፣ ማኪና ተሰረቀ፣ የሠርግ ድንኳን ተወሰደ ሲባል ሰምቻለሁ። ሳጥን አሸዋ ሆነ የሚል አቤቱታ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

እጅጋየሁ እባላለሁ፤ ኢንስፔክተር ነኝ። ጎንደር ተወልጄ ጎንደር ያደግኩ፣ ሳይንስ የሚባለውን ትምህርት ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ ዓይንህን ላፈር ያልኩት ሴት ነኝ። ምክንያቱን ሲደርስ እነግራችኋለሁ። ሳጅን አኒስን አስነሥቼ ሄድኩ። አኒስ የነጋዴ ልጅ ነው፤ ማኪና ሲነዳ አፉ አያርፍም። ዓይኑም ስለማያርፍ እችለዋለሁ።

ዕቃ ቤቱ አንድ መስኮት ያላት ጠባብ ክፍል ናት። መደርደሪያው ላይ ዘጠኝ አረንጓዴ የቆርቆሮ ሳጥኖች ተደርድረዋል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው፣ ቁጥር እንኳ አልተጻፈባቸውም። በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ ማይክሮስኮፕ፣ አንድ ቴርሞሜትር፣ ትንሽ የአልኮል ምድጃና የመስታወት ዕቃዎች መኖር ነበረባቸው። ስድስቱ ውስጥ አሉ። በሦስቱ ውስጥ ግን በፌስታል የታሰረ አሸዋ ተጋድሟል።

ወይዘሮ የትነበርሽ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ስትናገር እጇን የምታወናጭፍ ሴት ናት። ነገሩን በአንድ ትንፋሽ አስረዳችኝ። ገንዘቡ የሚመጣው ከውጭ እርዳታ ሰጪ ነው፤ በሱ ሦስት ወረዳዎች ተባብረው የገጠር የሳይንስ መምህራንን ያሠለጥናሉ። ሰጪዎቹ ዓርብ በአራት ሰዓት ለጉብኝት ይመጣሉ። ዕቃው ሙሉ ሆኖ ካልተገኘ ውሉ ይቋረጣል፣ የሦስተኛው ዓመት ሥልጠናም ይቀራል። ሳጥኖቹን የከፈተችው ለእንግዶቹ ልትወለውላቸው ብላ ነው።

«ከዛሬ በፊት ማን ከፈታቸው?» አልኳት።

«ማንም። ሽቦውም ማኅተሙም እንዳለ ነበር። የአያ ዋኘው ማኅተም ነው።»

አያ ዋኘው በሩ ጥግ ቆመዋል። ስልሳ ሊሞላቸው ሁለት ወር የቀራቸው፣ ኮታቸው የተተኮሰ፣ ዝምተኛ ንብረት ያዥ ናቸው። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ አንድ ነው፤ እሱም በእሳቸው አንገት ላይ በክር ተንጠልጥሏል።

*

የአሠራሩን ነገር ከእሳቸው ሰማሁ። ሥልጠናውን የሚሰጡት አሠልጣኞች ሦስት ናቸው። ለተግባር ልምምድ እያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ሳጥን ወስደው ሁለት ሳምንት በየወረዳቸው አስተማሩበት። ያለፈው ሐሙስ ከሰዓት ሦስቱም ተከታትለው መለሱ። ሳጥኖቹ ቁጥር ስለሌላቸው የማን የቱ እንደሆነ አሁን የሚያውቅ የለም።

ታዲያ ሲረከቡ ውስጡን አላዩም ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ወይዘሮ የትነበርሽ ቀድማ መለሰች፤ ሳጥን ዕቃ ቤት ውስጥ እንዳይከፈት ትእዛዝ ያወጣችው እሷ ናት፣ አቧራ የማይክሮስኮፑን መስታወት ስለሚጎዳ። አያ ዋኘው ደግሞ ያን ትእዛዝ አክብረው የራሳቸውን ዘዴ ፈጠሩ።

«ሠላሳ ዓመት የእህል መጋዘን ነው የሠራሁ» አሉኝ። «እኔ የዚህን የብርጭቆ ነገር ምኑን አውቀዋለሁ? ሚዛን ግን አውቃለሁ። ሰባት ኪሎ ከሁለት መቶ ሆኖ ወጣ፣ ሰባት ኪሎ ከሁለት መቶ ሆኖ ገባ። መዘንኩ፣ አሸግኩ፣ ፈረምኩ፣ ልጄ።»

እህል ቢሆን ኖሮ ማንም አያታልላቸውም ነበር። ጆንያውን በመርፌ ወግተው ያዩታል። ይኼ ግን የተማሩ ሰዎች ዕቃ ነውና ፈሩት፤ በሙሉ ዕድሜያቸው ሚዛንን ብቻ አምነው ለሚዛን እጃቸውን ሰጡ። አንጀቴን በሉኝ።

አኒስ እስከዚያ ድረስ ከግቢው ቤተ ሙከራ የኤሌክትሪክ ሚዛን አምጥቶ ሳጥኖቹን አንድ በአንድ ይመዝን ነበር። ድንገት ጠራኝ። ደህናዎቹ ስድስቱ ሳጥኖች ትንሽ ትንሽ ይለያያሉ፤ አንዱ አምስት ግራም ይጎድላል፣ አንዱ ስምንት ይተርፋል። አሸዋ ያለባቸው ሦስቱ ግን ልክ ሰባት ሺህ ሁለት መቶ ግራም ናቸው። አንዲት ግራም አላለፉም፣ አንዲት ግራም አልጎደሉም።

«ኢንስፔክተር» አለኝ፣ «ሌባ እንዲህ ይጠነቀቃል?»

እኔም ገረመኝ። የአያ ዋኘው የእህል ሚዛን መቶ ግራም እንኳ በቅጡ አይለይም፤ እሳቸውን ለማታለል ይኼ ሁሉ ድካም አያስፈልግም ነበር። ይኼን ያደረገው ሰው ልክ ያልሆነ ነገር የሚከነክነው ሰው ነው።

ኮማንደሩ ግን ግራም አላስጨነቀውም። ቁልፉ የእሳቸው፣ ማኅተሙ የእሳቸው፤ አያ ዋኘው ጣቢያ ይግቡ አለ። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ወር ሲቀራቸው ቀበቷቸውንና የጫማቸውን ክር ተረክቤ አስገባኋቸው። ወንጀለኛውን እስከ ዓርብ ካላገኘሁ መዝገቡ በስማቸው ወደ ዐቃቤ ሕግ ይሄዳል። ያን ቀን ምሳ አልበላልኝም።

*

ማክሰኞ ጠዋት መጀመሪያ የሄድነው ወደ መምህር ቡሽራ ነው። ቡሽራ በጠዳ በኩል ያሉትን መምህራን የሚያሠለጥን የኬሚስትሪ ሰው ነው፤ ቤተሰቡ ቅዳሜ ገበያ ቅመማ ቅመም ይሸጣሉ። ሱቁ ጠረጴዛ ላይ ግራም የሚለይ አዲስ የኤሌክትሪክ ሚዛን ተቀምጧል። ሚዛኑን ሳየው ጉዳዩ ያለቀ መሰለኝ።

ቡሽራ አልደነገጠም። ሁለቱንም ሳምንት ጠዳ እንደነበር፣ መቶ ምስክር መጥራት እንደሚችል ነገረኝ፤ የሙከራ መዝገቡንም ሰጠኝ። መዝገቡ ላይ በየቀኑ የሠሩት ሙከራ፣ ያዩት ውጤትና የርዕሰ መምህሩ ፊርማ አለ። እኔ ግን ዓይኔን ከሚዛኑ ላይ አላነሣሁም። እያወራን ሳለ አንዲት ሴት ሩብ ኪሎ ኮረሪማ ጠየቀች። ቡሽራ መዘነና ሩቡ ከሞላ በኋላ በሁለት ጣቱ ቆንጥሮ ጨመረላት።

ማኪና ውስጥ እንደገባን አኒስ ሳቀብኝ። «እሱ አይደለም» አለ።

«ምነው? ሚዛኑን አላየህም?»

«እጁን አየሁት። እኛ ነጋዴዎች ምርቃት ሳንጨምር አናስረክብም። አባቴ ሲሞት እንኳ ሐኪሙ የሰጠውን መድኃኒት በእጁ እየመዘነ ‹ትንሽ ጨምርበት› ይል ነበር። ቡሽራ አሸዋውን ቢመዝነው ኖሮ ሦስቱም ሳጥኖች ያልፉ ነበር።»

በዚህ ማስረጃ ሰው ነጻ አይወጣም ብዬ ተቆጣሁት። ጠዳ ደርሰን ስንጠይቅ ግን ርዕሰ መምህሩም፣ መምህራኑም፣ የግቢው ዘበኛ ሳይቀር ቡሽራ ሦስቱንም ሳጥን እስከ መጨረሻው ቀን ሲከፍት ሲዘጋ እንደነበር መሰከሩለት። ግማሽ ቀኔ በኮረሪማ ሄደ።

ከሰዓት የደባርቁ አሠልጣኝ መምህር ሐብተ ማርያም ሳልጠራው ራሱ ጣቢያ መጣ። ረጅም፣ ቀጠን ያለ፣ የኮቱ እጅጌ ጠመኔ የነካው፣ ሲናገር ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ የሠላሳ አምስት ዓመት ሰው ነው። መዝገቡን በጋዜጣ ጠቅልሎ አምጥቶልኛል። የመጀመሪያው ሳምንት ገጾች የርዕሰ መምህሩ ፊርማ አለባቸው፤ የሁለተኛው ሳምንት የእሱ ብቻ። ለምን እንደሆነ ጠየቅሁት። ትምህርት ቤቱ የአጋማሽ ዓመት ዕረፍት ላይ ስለነበር ፈቃደኛ ተማሪዎችን ብቻ ሰብስቤ አስተማርኩ አለኝ። ደባርቅ ደውዬ ርዕሰ መምህሩን ሳነጋግረው የክፍሉን ቁልፍ በእርግጥ ሰጥቶት እንደነበር አረጋገጠልኝ።

ሊሄድ ሲነሣ አንድ ነገር ጠየቀኝ። «አያ ዋኘው የሚተኙበት ቦታ ይበርዳል?»

ይበርዳል አልኩት። ወጥቶ ከግማሽ ሰዓት በኋላ አዲስ ጋቢ ይዞ ተመለሰና ስጡልኝ ብሎ ሄደ። ሸጋ ሰው ነው ብዬ ለአኒስ ነገርኩት። ጋቢውን ለአያ ዋኘው ሳቀብላቸው አጣጥፈው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት እንጂ አልለበሱትም። እግዜር ይስጠው፣ ሐብቱ ሁሌም ደግ ነው አሉ።

*

የቀረችኝ አምባ ጊዮርጊስ ያለችው መምህርት ትርንጎ ናት። ረቡዕ ማለዳ ወደዚያ ስንወጣ አኒስ ይነዳል፣ እኔ ሦስቱን መዝገቦች አገላብጣለሁ፤ የትርንጎን የሰጠችኝ ወይዘሮ የትነበርሽ ናት። ከሙከራዎቹ አንዱን ሦስቱም ሠርተውታል፤ ውሃ ማፍላትና ሲፈላ ቴርሞሜትሩን ማንበብ። ቡሽራ ጠዳ ላይ ዘጠና ሦስት ተኩል ጽፏል። ትርንጎ ዘጠና ጽፋለች። ሐብተ ማርያምም አንድ ቦታ ዘጠና፣ ሌላ ቦታ ሌላ ቁጥር ጽፏል።

ደስ አለኝ። ውሃ በመቶ ዲግሪ እንደሚፈላ ማንም ያውቃል። እነዚህ ሰዎች ሙከራውን ሳይሠሩ ቁጥር ፈጥረው ጽፈዋል፤ ስለዚህ ሳጥኖቹ በእጃቸው አልነበሩም ማለት ነው። ሦስቱም ተባብረው ሰርቀው ይሆናል ብዬም አሰብኩ። አምባ ጊዮርጊስ እስክንደርስ ድረስ በልቤ ሦስቱንም አስሬያቸው ነበር።

ትርንጎ ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ አጭር፣ ፊቷ ክብ፣ ጥርሷ ፍንጭት። ገና ሳያት ላብ ላብ ብሏታል። መዝገቧን ከፍቼ ጣቴን ቁጥሩ ላይ አሳረፍኩ።

«ይኼን ከየት አመጣሽው?»

«ከቴርሞሜትሩ።»

«ውሃ በመቶ ነው የሚፈላው። እኔ እንኳ አውቃለሁ።»

ላቡ ጠፋና ሳቀች። እኔ ፊት እንደዚያ የሚሳቅ ሰው ብዙ የለም። አንድ የመስታወት ዕቃ ሰብራ ደብቃ ኖሮ የመጣሁት ለእሱ መስሏት ነው የፈራችው፤ በኋላ ነገረችኝ። አሁን ግን መልስ አልሰጠችኝም፤ የትምህርት ቤቱን አሮጌ ምድጃ ለኩሳ ውሃ ጣደች። ውሃው ሲንተከተክ የትምህርት ቤቱን ቴርሞሜትር ነከረችና እንዳነብ ጠራችኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ዘጠና። ጠበቅሁ። ውሃው እየተንፈቀፈቀ ይተናል፣ ቴርሞሜትሩ ዘጠና ላይ ቆሟል።

«ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል» አለችኝ፤ «ውሃው ሳይግል ይፈላል። ደጋ ላይ ባቄላ አልበስል ብሎ እናቶቻችን የሚማረሩት ለዚህ ነው። መቶ የሚሆነው ባሕር ዳርቻ ላይ ነው። ሥልጠናው መጀመሪያ ያስተማረን ይኼን ነው፤ መጽሐፉ ያለውን ሳይሆን ያያችሁትን ጻፉ።»

«ጎንደር ላይስ?»

«ዘጠና ሦስት አካባቢ።»

ክው አልኩ። ሳይንስን የተውኩበትን ምክንያት አሁን ልንገራችሁ። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ መምህራችን አንድ ቀን ቴርሞሜትር ይዞ መጣና ውሃ አፍልቶ እኔን አስነሥቶ አስነበበኝ። ዘጠና ሦስት አልኩ። መቶ ነው አለኝ፤ ዓይንሽን ጥረጊ አለኝ። ደግሜ አይቼ ዘጠና ሦስት አልኩ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ፤ ደብተሬ ላይ የጻፍኩትን በቀይ ሰርዞ ዜሮ ሰጠኝ። ከዚያ በኋላ ሳይንስ ክፍል ውስጥ እጄን አላወጣሁም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዓይኔ ሰነፍ ነው ብዬ አምኜ ኖሬአለሁ፤ ፖሊስ ሆኜ እንኳ ያየሁትን ነገር ሁለቴ ሰው ሳልጠይቅ አልጽፍም። ዓይኔ ግን ልክ ነበር። በዚያች የአምባ ጊዮርጊስ ክፍል ውስጥ፣ ምድጃው አጠገብ፣ እንባዬ መጣ። አኒስ አይቶ ወደ መስኮቱ ዞረ።

ፊቴን ጠርጌ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። የሐብተ ማርያምን መዝገብ ከፍቼ ለትርንጎ ዘረጋሁላት። የመጀመሪያው ሳምንት፣ ደባርቅ፣ ዘጠና። የሁለተኛው ሳምንት፣ ደባርቅ፣ ዘጠና ስድስት።

ትርንጎ ለረጅም ጊዜ አየችው። «ይኼማ ደባርቅ አይደለም» አለች ቀስ ብላ። «ደባርቅ ከእኛ ጋር እኩል ነው። ዘጠና ስድስት ቆላ ነው። ሊማሊሞን ወርዶ፣ ዛሪማ አካባቢ።»

«ቴርሞሜትሩ ተበላሽቶ ቢሆንስ?»

«እሱ በተበላሸ ቴርሞሜትር አይጽፍም። ሐብተ ማርያምን አያውቁትም እንዴ? አገሩም እኮ እዚያው ነው።»

ሰኞ ዕለት ወይዘሮ የትነበርሽ ቢሮ ግድግዳ ላይ ያየሁት ካርታ ትዝ አለኝ። ሦስት ቀይ ነጥቦች ነበሩበት፤ ከሊማሊሞ በታች ደግሞ ነጭ ወረቀት የተለጠፈባት አራተኛ። ደወልኩላት። ነገሩን ነገረችኝ። ጥምረቱ ሲታቀድ አራት ወረዳ ነበር፤ እርዳታው ሲቀነስ የዛሪማው በኩል ወጣ። ሐብተ ማርያም ሳጥኖቹን ለአንድ ወር ወደዚያ ልውሰድ ብሎ ሦስት ጊዜ በደብዳቤ ጠይቋታል። ውሉ ዕቃው ከሦስቱ ወረዳዎች እንዳይወጣ ስለሚከለክል ሦስቱንም ጊዜ እምቢ ብላዋለች።

*

ደባርቅ አድረን ሐሙስ ጠዋት ሊማሊሞን ወረድን። አኒስ እንኳ በዚያ ጠመዝማዛ አፉን ዘጋ። ድብ ባሕርን ስናልፍ ሹራቤን አወለቅሁ፤ ዛሪማ ስንደርስ ጃኬቴ የኋላ ወንበር ላይ ነበር። ትምህርት ቤቱን ከመንገዱ ወጣ ብሎ አገኘነው፤ ቆርቆሮ ለብሶ፣ ግድግዳው ግማሽ ጭቃ ግማሽ ድንጋይ።

ከመስኮቱ ውጭ ቆሜ ወደ ውስጥ አየሁ። ሦስቱ ማይክሮስኮፖች አንድ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ተደርድረዋል፤ የአካባቢው መምህራን አምስት ስድስት ሆነው ከኋላ ተቀምጠው ይጽፋሉ፤ ተማሪዎቹ በምድጃው ዙሪያ ተጨናንቀዋል። ሐብተ ማርያም ቀና ብሎ ዩኒፎርሜን አየ። አልሮጠም። በሩ ድረስ መጥቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ውሃው ሊፈላ ነው፣ አምስት ደቂቃ ይስጡኝ አለኝ። ሰጠሁት።

ጸሎት የምትባል ልጅ አነበበች። «ዘጠና ስድስት።»

«መጽሐፉስ ምን ይላል?» አላት።

«መቶ።»

«ታዲያ የቱን ትጽፊያለሽ?»

«ያየሁትን» አለች፤ ጻፈችም።

ተማሪዎቹ ሲወጡ እኔና እሱ ብቻ ቀረን። ሁሉንም ሳይደብቅ ነገረኝ። ለደባርቅ ከተሰጠው ሁለት ሳምንት አንዱ ይበቃ ነበር፤ ለእነዚህ ግን ምንም አልተሰጣቸውም። ሁለተኛውን ሳምንት ዕቃውን ይዞ ወደዚህ ወረደ። መመለሻው ቀን ሲደርስ መውሰድ አቃተው። አሸዋውን የደባርቅ ቤተ ሙከራ ሚዛን ላይ መዝኖ ሳጥኖቹ ውስጥ ሞላው፤ በሚቀጥለው ሴሚስተር ሳጥኖቹ ለሥልጠና ሲወጡ ዕቃውን መልሶ ሊያስገባ ነበር። የእንግዶቹን መምጣት አልሰማም።

«መዝገቡ ላይ ዘጠና ቢጽፉ ኖሮ» አልኩት፣ «ማንም አያገኝዎትም ነበር።»

«አውቃለሁ። ብዕሬን አንሥቼ ነበር። ልጆቹ ከበውኝ ነበር የቆሙት። ቁጥሩን ሁሉም አይተውታል። እነሱ ፊት ምን ብዬ ዘጠና ልጻፍ?»

እዚህ ላይ ነው የተናደድኩት። እስካሁን እርስዎ እያልኩት ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ማክበሩን ተውኩት። «ለቴርሞሜትር የማትዋሽ ሰው፣ ያ ሽማግሌ አራት ቀን ሲሚንቶ ላይ ሲተኛ ጋቢ ልከህ ዝም ትላለህ? ሁለት ወር ነው የቀረው። አንተን እንደ ልጁ ነው የሚያይህ።»

ቴርሞሜትሩን በጨርቅ ጠርጎ አስቀመጠ። «ዛሬ የመጨረሻው ትምህርት ነበር» አለ በኋላ። «ነገ ጠዋት ልመጣ ነበር። ያምኑኝ አያምኑኝ አላውቅም። ቁጥሩን አልዋሸሁም፤ አያ ዋኘውን ግን ዋሸኋቸው። ቀድሞ መምጣት ነበረብኝ።»

አመንኩት ወይ? ግማሹን አመንኩት። እጁን አላሰርኩትም፤ ዕቃዎቹን ራሱ ተሸክሞ ማኪና ላይ ጫነ። ልጆቹ መንገድ ዳር ቆመው ያዩን ነበር፤ ጸሎት ደብተሯን እንዳቀፈች ናት።

*

ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አያ ዋኘውን ለቀቅኋቸው። ቀበቷቸውን ታጠቁ፣ የጫማቸውን ክር ቀስ ብለው አሰሩ። ማን እንዳደረገው ስነግራቸው መጀመሪያ አላመኑኝም። ከዚያ ቁጭ አሉ።

«ምነው ለእኔ ቢነግረኝ?» አሉ። «ምን አደርገው ነበር? ብቻ ቢነግረኝ።»

ሐብተ ማርያም ከመተላለፊያው ማዶ ባለው ክፍል ውስጥ ነበር። አያ ዋኘው ወደዚያ ሄደው በሩ ላይ ቆሙ። እሱ ተነሥቶ አንገቱን ደፋ፤ ይቅርታ ሊል ሲጀምር እጃቸውን አንሥተው አስቆሙት። ያን ጋቢ አልለበሱትም ነበር፤ እንደተጣጠፈ በፍርግርጉ መካከል አሳልፈው ሰጡት። «ውስጡ ይበርዳል» አሉትና ዞረው ወጡ። ያን ረጅም ሰው ያኔ ነው ሲያለቅስ ያየሁት።

ቤታቸው ላድርሳቸው ስል እምቢ አሉ፤ ወደ ዕቃ ቤቱ ውሰጂኝ አሉኝ። ወይዘሮ የትነበርሽ እዚያ ጠበቀችን። እሳቸውን ስታይ ሁለት እጃቸውን ይዛ ዝቅ አለች። ካርታው ከግድግዳ ወርዶ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል፤ ነጩን ወረቀት ልጣዋለች። የሐብተ ማርያም መዝገብ ዘጠና ስድስት የተጻፈበት ገጽ ላይ ተከፍቷል። ለእንግዶቹ የሆነውን ሁሉ ሳልደብቅ እነግራቸዋለሁ፣ ከዚያ አራተኛውን ወረዳ እጠይቃቸዋለሁ አለችኝ። ምን እንደሚሏት እኔ አላውቅም።

አያ ዋኘው ዕቃቸው የተመለሰባቸውን ሦስት ሳጥኖች ሚዛን ላይ ሊያወጡ ብለው ቆም አሉ። ሚዛኑን ገፋ አድርገው የመጀመሪያውን ሳጥን ክዳን ከፈቱት። በሁለት ዓመት ውስጥ ውስጡን ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው። ቴርሞሜትሩን በሁለት ጣታቸው አንሥተው ወደ ብርሃኑ አቀረቡት።

«ሐብቱን በዚህች ነው ያገኘሽው?»

«በዚህች ነው።»

እንግዶቹ ሊደርሱ አንድ ሰዓት ያህል ነበረን። የአልኮል ምድጃውን ለኩሼ በመስታወቱ ዕቃ ውሃ ጣድኩ። አኒስ፣ ወይዘሮ የትነበርሽና አያ ዋኘው ከበውት ቆሙ። ሲንተከተክ እንዲያነቡልን አያ ዋኘውን ጠየቅኋቸው፤ መነጽራቸውን አስተካክለው ጎንበስ አሉ።

«ዘጠና ሦስት» አሉ። «መቶ አይደለም እንዴ የሚባለው?»

«ዘጠና ሦስት ነው፣ አያ ዋኘው» አልኩ።

ወረቀት ስቤ ጻፍኩት፤ ጎንደር፣ ዘጠና ሦስት፣ እጅጋየሁ። አያ ዋኘው ወረቀቱን ወደ ብርሃን አንሥተው ከቴርሞሜትሩ ጋር አስተያዩት። ከዚያ ከኮታቸው ኪስ ማኅተማቸውን አወጡ፣ እፍ አሉበት፣ ከስሜ በታችም ጠበቅ አድርገው መቱበት።